የከውሰር ዒዳ

እኔን ምላሷ አያርፍም ይሉኛል። ይበሉ። ከሚሴ ገበያ ባልዲ፣ ጆግና ጀሪካን ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ምላሱ ካረፈ ጦሙን ያድራል። ስሜ ኡምኩልሱም ነው። የምነግራችሁ የታናሽ እህቴን የከውሰርን ነገር ነው። ሰው ሁሉ አውቃለሁ እያለ የየራሱን ሲያወራ ከርሟል፤ እስቲ አንዴ ደግሞ ከእኔ ስሙት።

ከውሰር የተዳረችው ጨፋ ሮቢት ነው፣ ለጀይላን። ጀይላን ማሽላና ጤፍ ያርሳል፣ ሁለት ሦስት በሬ ያደልባል። ክፉ ልጅ አልነበረም። ክፉ አለመሆን ብቻውን ግን ምን ይሠራል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባል የለ! እናቱ ደግሞ አለች። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፣ አንቱ ልላት በተገባ ነበር። ግን ምላሴ እምቢ ብሎኛልና ይቅር በሉኝ።

ሦስት ዓመት በሰላም ኖሩ፤ ልጅ ገና አልመጣም ነበር። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ከሚሴ የዘመድ ሰርግ ነበረብን። ባልና ሚስት ከሮቢት በባጃጅ ሲመጡ አንድ አይሱዙ ገፋቸውና አስፋልቱ ላይ ተገለበጡ። የጀይላን ክንዱ ተላጠ። ከውሰር ማጅራቷ አስፋልቱን መታና ሁለት ቀን ሙሉ ራሷን ሳታውቅ ተኛች። ሆስፒታል ወስደን ሲቲ ስካን ተነሣች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና «ትንሽ ደም ነው፣ ራሱ ይመጠጣል» አለ። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገልጣ «እቴ» ብላ ጠራችኝ። በስምንተኛው ቀን «ድናለች፣ ውሰዷት» አሉን። በቃ። የነገሩን ይህንኑ ነው። ወላሂ አንድ ቃል አልጨመሩበትም።

በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ወደ ባልዲዬ ተመለስኩ።

መስከረም ላይ ልጠይቃት ሮቢት ወረድኩ። የዚያን ቀን የጨፋ ሙቀት ሰውን እንደ ቆሎ የሚያምስ ነበር፤ ከብቱ እንኳ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ተደርድሯል። ከውሰር ግን የባሏን ጃኬት ለብሳ፣ በላዩ ጋቢ ደርባ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«በረደኝ፣ እቴ።»

«ወባ ይሆናል» አልኳት። ወባ ግን አልነበረም። ፊቷ አብጧል፣ ቆዳዋ ደርቋል፣ ድምጿ የሌላ ሰው መስሏል። ስትነሣ ይዞራታል። ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል። የወር አበባዋም ከአደጋው ወዲህ ቀርቷል። ይህን ሁሉ ያየችው አማቷ መጀመሪያ ላይ «አረገዘችልኝ» ብላ ለአራስ የሚሆን ቅቤ ማጠራቀም ጀምራ ነበር። ወራቱ አልፎ ሆድ የሚባል ሳይታይ ሲቀር ቅቤውን ሸጠችው። ከዚያ ወዲያ ከውሰርን በዓይኗ ማየት ጠላች።

ኅዳር ገባና ማሽላው ሊደርስ፣ ግሪሳ ወፍ የሚወርድበት ሰሞን መጣ። በእኛ አገር ያን ጊዜ ማሳው መሀል ከእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፍ እያጮኸና እየጮኸ ወፍ የሚያባርር ሰው ያስፈልጋል። ተራው የከውሰር ነበር። ማማው ላይ ወጣችና እንቅልፍ ጣላት። ወፉ ወርዶ ግማሹን ማሳ ገለባ አድርጎት ሄደ።

የጀይላን እናት ስልክ ደወለችልኝ። «ነይና እህትሽን ከማማዬ ላይ አውርጂ! እኛ ምራት አመጣን እንጂ ሬሳ አላመጣንም!» አለች። በሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ስደርስ ከውሰር አሁንም ማማው ላይ ናት፤ መውረድ አቅቷት ቋሚውን እንጨት ይዛ ተቀምጣለች። ጎረቤቱ ሁሉ ዳር ቆሞ ያያል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት መዋረድ ነፍሴ አትወድም።

«ውረጂ!» አልኳት።

«እቴ፣ አሞኛል። ምኔን እንደሆነ አላውቅም እንጂ ወላሂ አሞኛል።»

«ያላመመው ማን አለ? እኔ ወገቤ እየተቆረጠ ባልዲ እሸከም የለም? ተነሺ፣ አታዋርጂኝ!»

አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ሌላውን ሁሉ ስሳደብ የምትሰሙኝ ይህን ደብቄ አይደለም። መጀመሪያ ያላመናት አማቷ አይደለችም፣ ባሏም አይደለም፣ እኔ የእናቷ ልጅ ነኝ።

ሐኪም ቤት አልወሰዳችኋትም እንዳትሉኝ። ወስደናታል። አንዱ ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» ብሎ መርፌ ወጋት። ሁለተኛው «የደም ማነስ ነው፣ ጉበት ትብላ» አለ። ሦስተኛው «ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ትተው» አለ። አራተኛው ወጣት ነበር፤ ስልኩን እየነካካ «ባልሽ ያስጨንቅሻል?» አላት። ስለ ባጃጁ ልነግረው አፌን ስከፍት «የአሁኑን ብቻ ንገሩኝ፣ ሰልፉ ረጅም ነው» አለኝ። ሁሉም አንድ ፌስታል ኪኒን እየሰጡ ሸኙን። አንዱም «ይህ ነገር የጀመረሽ ከመቼ ወዲህ ነው?» ብሎ አልጠየቃትም። ከመቼ ወዲህ! ይህቺን ለመጠየቅ ስንት ዓመት ይማሩ ኖሯል?

ጥር ላይ ጀይላን ፈታት። እናቱ ናት ያስፈታችው፣ ግን ቃሉን ያወጣው እሱ ነው። «አንድ ጊዜ ፈትቼሻለሁ» ብሏታል። ከውሰር ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ሱቄ በር ላይ ስትቆም መጀመሪያ አላወቅኳትም። ባልዲ ልትገዛ የመጣች አሮጊት መስላኝ ነበር። ዕድሜዋ ገና ሃያ ስድስት ነው።

በሸሪዓችን የተፈታች ሴት ሌላ ከማግባቷ በፊት ሦስት የወር አበባ ትቆጥራለች፤ ይህ ጊዜ ዒዳ ይባላል። ዒዳዋ እስኪያልቅ ባሏ ሊመልሳት ይችላል፤ ሲያልቅ ግን ነፃ ናት። እንግዲህ ሦስት መቁጠር ነው። ከውሰር ግን የምትቆጥረው አንድም አልነበራት።

የእኔን ድንቁርና ደግሞ ስሙ። ረመዳን መጣ። ከውሰር እኔ ቤት ሆና ሠላሳውንም ቀን ሳታጎድል ጾመች። ጤነኛ ወጣት ሴት በረመዳን ውስጥ አበባዋ የሚመጣባቸውን ቀናት ታፈጥራለች፣ በኋላ ያጎደለችውን ቀን ጾማ ቀዷ ታወጣለች፤ ይህን የማያውቅ የሙስሊም ቤት የለም። እሷ አንድ ቀን አላፈጠረችም። አሥር ጊዜ አዙሯት ወደቀች፣ በማፍጠሪያው ሰዓት ውኃውን የማጠጣት እኔ ነበርኩ። ታዲያ ለምን? ብዬ ልጠይቅ? ምን በወጣኝ! «ማሻአላህ፣ ሠላሳውን ሞላሽው!» ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁላት።

ሚያዝያ ላይ ከሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ጥሪ መጣ። ጀይላን ሌላ ልጅ ጠይቆ ኖሯል። የልጅቷ አባት ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ «ልጄን በሌላዋ ላይ አልደርብም፣ የፊተኛዋ ዒዳ አልቆ የፍቺው ወረቀት ይምጣልኝ» ብሏል። ለዚህ ነው የተጠራነው። ለሰርግ።

ቃዲው ሸህ ኑርሁሴን ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሽማግሌ። አንድ በኩል ጀይላንና እናቱ፣ አንድ በኩል እኔና ከውሰር ተቀመጥን። ከውሰር በዚያ ሙቀት ጃኬቷን አላወለቀችም።

«ልጄ፣ ስንት ቆጠርሽ?» አሏት።

«ምንም፣ ሸህ።»

«ከተፈታሽ አራተኛ ወርሽ ነው። አንድም አላየሽም?»

«ከተፈታሁ ብቻ አይደለም። ባጃጁ ከተገለበጠ ወዲህ አላየሁም። አሥራ አንድ ወር ሆነኝ።»

ሸሁ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። እኔ ደንግጬ ወደ እሷ ዞርኩ። አሥራ አንድ ወር! አብረን እየበላን አብረን እየተኛን ቆጥሬው አላውቅም።

የጀይላን እናት ግን ፈጥና ተነሣች። «አርግዛ ነዋ! ልጄ ከመስቀል ወዲህ አልጋዋን አልነካም፣ ከማን እንደሆነ እሷን ጠይቁልኝ!»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው። ደሜ ፈላ። «አንቺ ሴትዮ፣ አላህን አትፈሪም?» ብዬ ብድግ ስል ጸሐፊው ያዘኝ። ሸሁ ጠረጴዛውን መቱ። «ሴትን ልጅ ያለ ምስክር በዝሙት ማንሣት ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ? ዝም በይ!» አሏት። ጀይላን መሬት መሬት ያያል። አንዲት ቃል፣ «እናቴ ተይ» የምትል አንዲት ቃል እንኳ ካፉ አልወጣችም።

የእርግዝና ምርመራ ይደረግ ተባለ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄደን፣ ከውሰር ሽንቷን በብልቃጥ ይዛ፣ ወሬው ቀድሞን ስለደረሰ ኮሪደር ሙሉ ሰው እያያት አለፈች። ምርመራው ነፍሰ ጡር አይደለችም አለ። እኔ ወረቀቱን እያውለበለብኩ ፍርድ ቤት ገባሁ፤ አሁንስ ምን ትል ይሆን ብዬ።

ምን ትላለች? «ሶባ!» አለች የጀይላን እናት፣ «ውሸቷን ነው! አበባዋ ይመጣል፣ ትደብቃለች። ዒዳውን አስረዝማ የልጄን ሰርግ ልታበላሽ ነው። ሴቶች ይመደቡና ይፈትሿት!»

ካረገዘች ባለጌ፣ ካላረገዘች ውሸታም! ከውሰር እጄን ያዘችኝ፤ እጇ በዚያ ሙቀት የጉድጓድ ውኃ ይመስል ቀዝቅዟል። «እቴ፣ ይፈትሹኝ። ይፈትሹኝና ይለይልኝ» አለችኝ በዚያ በጎረነነ ድምፅ።

«ማንም አይፈትሽሽም» አሉ ሸሁ። ዝግ ብለው ነው የተናገሩት። «በማኅፀኗ ነገር የሴት ቃል ይታመናል። አላየሁም ካለች አላየችም። እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። ደሟ ስለቆመ ሴት በመጻሕፍቱ ብዙ ቃል አለ፤ ምክንያቱ ሲታወቅ አንድ ነው፣ ሳይታወቅ ደግሞ ሌላ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ልጄ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ያልሽኝ?»

«ከተገለበጥን ወዲህ።»

«ራስሽን ተመተሽ ነበር?»

«ሁለት ቀን ራሴን አላውቅም ነበር።»

ዓመት ሙሉ ስንዞር አንድ ሐኪም ያልጠየቀውን፣ የሰባ ዓመት ቃዲ ዒዳ ሊቆጥሩ ብለው ጠየቁ። ለጸሐፊው ደብዳቤ አስጻፉት፦ የዚህች ሴት የወር አበባ የቆመበት ምክንያት ተመርምሮ በጽሑፍ ይገለጽልን። ከታች ማኅተም መቱበት። ጀይላንን ደግሞ ገሠጹት፤ «ዒዳዋን በቤትህ መጠበቅ ነበረባት። ማን አስወጣት? የሕክምናዋና የጉዞዋ ወጪ በአንተ ነው» አሉት።

ያን ደብዳቤ ይዘን ደሴ ወጣን። ማኅተም ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያን ቀን ነው ያየሁት። ሌላ ጊዜ «ካርድ አልቋል፣ ነገ ኑ» የምንባል ሰዎች፣ ወረቀቱን ስናሳይ ወንበር ተሰጠን። አስቡት እስቲ። እህቴ ዓመት ሙሉ አሞኛል ስትል ሰሚ አጣች። የሰውየው ሰርግ ሲዘገይ ግን ሕመሟ በማኅተም ተጠየቀ። ደስታ ይሁን ኀዘን እስካሁን አልለየሁም፣ ብቻ እዚያው ወንበር ላይ ዕንባዬ ወረደ።

ሐኪሟ ዶክተር ፊርደውስ ትባላለች፤ ቀጭን፣ አነጋገሯ ቁጥብ የሆነ ሴት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ከውሰርን ብቻ ታነጋግር ጀመር። ስንት ቀን ራስሽን አላወቅሽም? ይበርድሻል? ስትነሺ ይዞርሻል? የብብትሽ ፀጉር አለ ወይስ ጠፍቷል? ከውሰር ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ነበራት። ሁሉንም ታውቀው ነበር፤ የጠየቃት ሰው ነው የጠፋው። የደም ግፊቷን ሁለት ጊዜ ለካች፣ ተኝታም ቆማም፤ ቁጥሩን ስታይ ነርሷን ጠርታ አስተኛቻት። ደም ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱን ግን አልጠበቀችም፤ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ያኔውኑ ጀመረችላት።

ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጣ አስረዳችን። «ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ሽንብራ የምታህል እጢ አለች። ፒቱታሪ ትባላለች። ትንሽ ናት፣ ግን አዛዥ ናት። ሰውነት እንዲሞቅ፣ ጉልበት እንዲያገኝ፣ የወር አበባ እንዲመጣ የምታዝ እሷ ናት። ጭንቅላት በኃይል ሲመታ ይህቺ እጢ ልትጎዳ ትችላለች። ሲቲ ስካን ደህና ብሎም ልትጎዳ ትችላለች። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ነው የሚወጣው። ያኔ ሰው አደጋውን ረስቶታል፣ በሽተኛውን ሰነፍ ነው ይለዋል።»

«ጦም ጦማለች» አልኳት። «ሠላሳ ቀን።»

ዶክተሯ ወደ ከውሰር ዞረች። «እንዴት እንደተረፍሽ አላህ ያውቃል። ከዚህ በኋላ ይህን ኪኒን አንድ ቀን አታቋርጪም። ትኩሳት ከያዘሽ ወይም ካስመለሰሽ ቶሎ ሐኪም ቤት። ያለዚህ ኪኒን አንድ ከባድ ጉንፋን ሊገድልሽ ይችል ነበር።»

ያኔ ነደድኩ። «ታዲያ ከሆስፒታል ሲያስወጡን ይህን ለምን አልነገሩንም? ሦስት ቃል ነው! ‹ከደከማት፣ ከበረዳት፣ አበባዋ ከቀረ መልሷት› ማለት ነው! እህቴ ተፈታች፣ በሴሰኛነት ታማች፣ ሽንቷን በብልቃጥ አስይዘው ሰው ፊት አዞሯት! ለሦስት ቃል!»

የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። «መንገር ነበረባቸው» አለች። ቆይታ ደግሞ «መንገር ነበረብን» አለች።

አላህ ይስጣት። ለእኔ ግን አልበቃኝም፣ ዛሬም አይበቃኝም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ከውሰር ጃኬቷን አወለቀች። አንድ ጠዋት ሱቄ ስገባ ባልዲዎቹን በመጠን በመጠን ደርድራ፣ «ይህን አረንጓዴውን ማን ይገዛልሻል? አስቀያሚ ነው» ብላ ስታሾፍብኝ አገኘኋት። ድምጿ የራሷ ድምፅ ሆኗል። ከኋላ ሄጄ ጀሪካን የማነሣ መስዬ አለቀስኩ። ቀጥሎ ለእንቅርት እጢዋ የሚሆነው ኪኒን ተጨመረላት፤ ከዚያ አበባዋን የሚመልሰው።

የሐኪሟን ወረቀት ፍርድ ቤት አቀረብን። ሸሁ ቃል በቃል አስነበቡት። «ምክንያቱ ታውቋል። በሽታ ነው፣ መድኃኒትም አለው» አሉ። «ደሟ ሲመለስ ከዚያ ሦስት ትቁጠር። ሲያልቅ መጥታ ትንገረኝ።» ጀይላን ፊቱ አመድ መሰለ። እናቱ «የመኪናው ጥፋት ነው፣ የእኛ ጥፋት ምንድን ነው?» እያለች ወጣች። የዚያችኛዋ ልጅ አባት ወሬውን ሰምቶ «ሚስቱን ታማ እያለች የጣለ፣ ነገ የእኔንም ይጥላታል» ብሎ ነገሩን አፈረሰው። እኔ አልሄድኩም፣ አልነገርኩም፤ ገበያው ነው የነገረው። ምናልባት ትንሽ ጮክ ብዬ አውርቼ ይሆናል።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው መጣ። ነሐሴ ላይ ሁለተኛው። ከውሰር ቀኑን ከሱቁ ግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ላይ በእስክሪብቶ ትከብ ነበር። መስከረም ሲገባ አንድ ጠዋት «እቴ፣ ዛሬ ሸሁ ጋ እንሂድ» አለችኝ። ንጹሕ ልብስ ለብሳለች፣ ሻሿን አሳምራ አስራለች። ሱቁን ዘግቼ ተከተልኳት።

ስንደርስ ጀይላን ቀድሞናል። እናቱና አያ ሙሳ የሚባሉ ሽማግሌ አብረውት አሉ፤ ለማስታረቅ የመጡ መሆናቸው ነው። አያ ሙሳ ስለ ትዳር ክቡርነት ብዙ ተናገሩ። ከዚያ ጀይላን ተነሣ። ያ ልጅ በአሥራ ስድስት ወር ውስጥ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«በሽታ መሆኑን ባውቅ አልፈታትም ነበር» አለ። «አሁን ድናለች። አንድ ፍቺ ነው የፈታኋት፣ ዒዳዋም ሲራዘም ከርሟል፣ ገና አላለቀም። በሸህ ፊት መልሻታለሁ።»

እውነቱን ነው፣ ዒዳዋ ካላለቀ ቃሉ ብቻ ይበቃዋል፤ የእሷ እሺታ አያስፈልግም። ዓመት ሙሉ ያዋረዷት ያው ያልመጣ ደም አሁን መልሶ ሊያስራት ነው። ልጮህ አፌን ስከፍት ከውሰር ክንዴን ያዘችኝና ራሷ ተነሣች።

«ሸህ፣ ሦስተኛው አልቋል» አለች። «ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ከአበባዬ ጠርቼ ታጥቤያለሁ። ይህን ልነግርዎት ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ማን ትናገራለች? «ማን አየ?» አለች የጀይላን እናት። «ምስክር የት አለ? የሐኪም ወረቀት የት አለ? ልጄ መጥቶ ሊመልሳት ሲል ትናንት አለቀ ትላለች?»

ጀይላንም ቀና ብሎ «ወረቀት ካለ ታሳይ» አለ።

ከውሰር ወደ እሱ ዞረች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «አሞኛል ስልህ ወረቀት አምጪ አልከኝ፣ ጀይላን። አላረገዝኩም ስል ወረቀት። አልዋሸሁም ስል ወረቀት። አምጥቻለሁ፣ ሁሉንም አምጥቻለሁ። ለዚህ ግን ወረቀት የለኝም። ታጥቤያለሁ አልኩህ።»

ሸሁ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው መለሱት። «በዚህ ነገር ከቃሏ በላይ ማስረጃ የለም» አሉ። «ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ዒዳዋ አልቋል። ጸሐፊ፣ ጻፍ።»

አያ ሙሳ ኩታቸውን አስተካከሉ። የጀይላን እናት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው፤ አላህ ይህንን ስላሳየኝ ብቻ ሁለት ረከዓ ሰግጃለሁ። ጀይላን ግን እንደቆመ ቀረ። ትንሽ አሳዘነኝ፣ ወላሂ። ትንሽ ብቻ።

ወጥተን ደጁ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ስንደርስ ከውሰር መሬት ላይ ቁጭ አለች። ደንግጬ ጎንበስ አልኩ። «ምንም አልሆንኩም፣ የኪኒኔ ሰዓት ደርሷል» አለች። ከአጠገባችን ካለው ሱቅ ውኃ ገዝቼ ሰጠኋት። ኪኒኗን ከወረቀቱ አውጥታ ዋጠች፣ ውኃውን ጠጣች፣ አፏን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«እቴ» አለችኝ። «በእውነት ትናንት መሆኑን አትጠይቂኝም? ሌላው ይቅር፣ አንቺ አንድ ቤት ውስጥ ነው ያለሽው፤ ማወቅ ትፈልጊያለሽ።»

ማማው ሥር ቆሜ የጮህኩባት ቀን ትዝ አለኝ። እንጨቱን ይዛ ቁልቁል እያየችኝ «ወላሂ አሞኛል» ያለችኝ።

«አልጠይቅሽም» አልኳት። «ቃልሽን ሰምቻለሁ።»

ከውሰር አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ ያኔ ማማው ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ።